ቆጠራው ከአልጋ ይጀምራል፦ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የአካል እንቅስቃሴ እንዴት ይለካል?

«ስፖርት ትሠራለህ?» ሲባል ታካሚው «አልሠራም» ይላል። ካርዱ ላይም «እንቅስቃሴ የለውም» ተብሎ ይጻፍለታል። ይኸው ሰው ግን ጠዋት 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ ከወንዝ ተሸክሞ፣ ቀኑን ከብት ሲያግድ ውሎ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል «አዎ፣ እሮጣለሁ» ያለው ወጣት በሳምንት አንድ ቀን 20 ደቂቃ ሮጦ፣ ሌላውን ጊዜ መድኃኒቱ ባመጣበት ድካም ተኝቶ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ያሳልፈው ይሆናል። ሁለቱም ሰዎች ለተጠየቁት ጥያቄ እውነቱን ነው የመለሱት። ጥያቄው ነው ያልያዛቸው። ስፖርት የሚለው ቃል በእኛ አነጋገር ኳስ፣ ሩጫና ጂም ነው፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ገበያ በእግር መሄድ በዚህ ቃል ውስጥ አይገቡም። «የአካል እንቅስቃሴ ታደርጋለህ?» ብንልም ብዙ አይሻልም፤ ሰው «እንቅስቃሴ» ሲባል ማለዳ ተነሥቶ እጅና እግር ማፍታታትን ነው የሚያስበው።

ስለዚህ ቆጠራው ከስፖርት ሳይሆን ከአልጋ መጀመር አለበት። አንድ ቀን 24 ሰዓት ነው። ሰውየው ከዚህ ውስጥ ስንቱን አልጋ ላይ እንደነበረ፣ ስንቱን ቁጭ ብሎ እንዳሳለፈ ካወቅን፣ ለእንቅስቃሴ የሚተርፈው ጊዜ ራሱ ይገለጣል።

ልኬቱ ለምን እንደሚያስፈልግ

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ በብዙ አገሮች ታይቷል። በሀብታም አገሮች ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል የልብና የደም ሥር በሽታዎች አሉበት። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒንን የመሰሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን ይጨምራሉ፣ እንቅልፍም ያመጣሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመና 69 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ትንተና፣ ስኪዞፍሬንያ፣ ባይፖላር ወይም ከባድ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ነቅተው ካሉበት ጊዜ በቀን በአማካይ 476 ደቂቃ፣ ማለትም ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ቁጭ ብለው እንደሚያሳልፉ አሳይቷል። መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ የሚያደርጉበት ጊዜ 38 ደቂቃ ገደማ ነበር። በመሣሪያ ሲለኩ ደግሞ ታካሚዎቹ በቃላቸው ከተናገሩት የበለጠ ቁጭ ብለው ተገኝተዋል።

የእኛ አገር ሥዕል ግን ከዚህ ይለያል። በቡታጅራ አካባቢ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለው ጥናት 121 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። የሞቱት ከሚጠበቀው ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። እንግዲህ ገጠር ላለ፣ ክብደቱ ለቀነሰ፣ በቂ ምግብ ለማያገኝ ታካሚ የልኬቱ ዓላማ «ሩጥ» ለማለት አይደለም። መሥራት መቻሉን፣ መድኃኒቱ አደንዝዞት እንደሆነ፣ ከሰው ጋር ወጥቶ መግባቱን ለማወቅ ነው። ከተማ ውስጥ ሆድ እየገፋ ለመጣ፣ ቀኑን ቴሌቪዥን ፊት ለሚውል ታካሚ ግን ዓላማው እንቅስቃሴ መጨመር ሊሆን ይችላል። መለኪያው አንድ ቢሆንም ከልኬቱ በኋላ የሚሰጠው ምክር አንድ አይደለም። ይህን ሳይለዩ የውጭ መመሪያን እንዳለ መገልበጥ ጉዳት ያመጣል።

በአምስት ሣጥን መጠየቅ

ለአጠቃላዩ ሕዝብ የተሠሩ መጠይቆች ሞልተዋል። አይፓክ የሚባለው አጭር ቅጽ ያለፉትን ሰባት ቀናት በሰባት ጥያቄ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ጂፓክ ደግሞ በ16 ጥያቄ ሥራን፣ ጉዞንና መዝናኛን ለይቶ ይዞ የመቀመጫ ጊዜን ይጨምራል። ሁለቱም ለሕዝብ ጥናት ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ተጠያቂው «ልብዎን በፍጥነት የሚያስመታ ከባድ ሥራ» እና «መካከለኛ ሥራ» ብሎ እንዲለይ፣ ከዚያም በየዓይነቱ የሰባት ቀን ደቂቃ እንዲደምር ይጠብቃሉ። ትኩረቱና ትውስታው ለተዳከመ ሰው ይህ ከባድ ነው። ወረቀቱን ራሱ እንዲሞላ ከተሰጠው ደግሞ ባዶ ቦታዎችና የማይታመኑ ቁጥሮች ይበዛሉ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሲምፓክ የተባለ አጭር የቃለ መጠይቅ ቅጽ ተዘጋጀ። አስተማማኝነቱ በ23 አገሮች ከ1,000 በላይ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቅጹን የሚሞላው ጠያቂው ነው፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። አምስት ሣጥን አለው፤ አካሄዱም ከአልጋ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል፦ መጀመሪያ አልጋ ላይ የነበረበት ሰዓት፣ ቀጥሎ ነቅቶ ቁጭ ወይም ጋደም ያለበት፣ ከዚያ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ስፖርት፣ በመጨረሻ ሌላው ሥራ ሁሉ። አምስቱ ሲደመሩ ወደ 24 ሰዓት መጠጋት አለባቸው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ድምሩ ራሱ ስሕተቱን ያጋልጣል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ታካሚ ማታ 2 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሣል እንበል። አልጋ ላይ 11 ሰዓት ነው። «እንግዲህ 13 ሰዓት ቀረን። ከዚህ ውስጥ ቁጭ ብለህ ወይም ጋደም ብለህ የዋልከው ስንት ይሆናል?» ሲባል የቀን እንቅልፉን ጨምሮ 8 ሰዓት አለ። 5 ሰዓት ቀረ። በእግር የሄደው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ በ4 ቀናት 30፣ 30 ደቂቃ ነው፤ 120 ደቂቃ ለ7 ሲካፈል በቀን 17 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ስፖርት፣ የለም። ውኃ መቅዳት፣ በረት መጥረግ፣ ከብት ማሰማራት በቀን 3 ሰዓት። አሁን ስንደምር 22 ሰዓት ከ17 ደቂቃ መጣ። 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ጎደለ። «ይህ ጊዜ የት ሄደ?» ብሎ በወዳጅነት መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ቡና ላይ ይገኛል፤ ሰው ቡና ሲጠጣ የተቀመጠበትን «ቁጭ ማለት» ብሎ አይቆጥረውም። ምግብ የበላበትን፣ ደጅ ላይ ፀሐይ የሞቀበትን፣ ጫት የሚቅም ከሆነም የቃመበትን ሰዓት እንዲሁ። እነዚህ ወደ ሁለተኛው ሣጥን ይመለሳሉ።

ድምሩ በደቂቃ እንዲገጥም ታካሚውን ማስጨነቅ አያስፈልግም። 20 ወይም 28 ሰዓት ከመጣ ግን የሆነ ነገር ተዘልሏል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። በብዛት ሁለት ጊዜ የሚቆጠረው ከብት ጥበቃ ነው፤ ከፊሉ ጉዞ፣ ከፊሉ ሥራ፣ ከፊሉም ዛፍ ሥር መቀመጥ ነው። «ከብቶቹ ሲግጡ አንተ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ይለየዋል።

ሰዓትና ሳምንት የሚያሳስቱበት

በአማርኛ ሲጠየቅ ብዙ ሌሎች ቋንቋዎች የሌሉባቸው ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። ታካሚው «2 ሰዓት ተነሣሁ» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው፤ ስልኩና መሣሪያው ግን 8 ብለው ይመዘግቡታል። ሁለቱ ሳይቀናነሱ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ከገቡ የ6 ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል፣ የንጋት እንቅልፍም የቀን መኝታ ይመስላል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የሚኖር የእኛ ሰው ደግሞ ሁለቱንም እያፈራረቀ ይጠቀማል። «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ሁልጊዜ መጠየቅ፣ ቅጹ ላይም ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ብሎ መጻፍ ይበጃል። ከዚህ ሌላ «ሁለት ሰዓት ሄድኩ» ማለት በሁለት ሰዓት ወጣሁም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጓዝኩም ሊሆን ይችላል። «ስንት ሰዓት ወጣህ? ስንት ሰዓት ደረስክ?» ማለት ይሻላል።

ሳምንትም እንዲሁ ነው። «ያለፈው ሳምንት» ለአንዱ ካለፈው ሰኞ እስከ እሑድ፣ ለሌላው ደግሞ «የዛሬ ስምንት» ያለፈው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኖቹን በስም መጥራት፣ ከትናንት ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ያስፈልጋል። ለትውስታ ማሠሪያ የሚሆኑ ነገሮች በየቦታው አሉ፦ የገበያ ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ የጁምዓ ሶላት፣ የሰንበት ቅዳሴ፣ የዕድር ስብሰባ፣ ልቅሶ የተደረሰበት ቀን። «ሐሙስ ገበያ ወርደህ ነበር? በእግር ነው በባጃጅ?» ተብሎ የሚገኘው መልስ «በሳምንት ስንት ደቂቃ ትራመዳለህ?» ተብሎ ከሚገኘው በብዙ ይበልጣል።

ጠያቂው ሳምንቱ የተለመደ ሳምንት መሆኑንም ይመዝግብ። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም በዓል ስለሚያርፍ ብዙ ገበሬ የዚያን ቀን አያርስም። በዐቢይ ጾም፣ በረመዳን፣ በአጨዳና በክረምት እንቅስቃሴው ይለዋወጣል። በግንቦትና በነሐሴ የተገኙ ሁለት ቁጥሮችን አነጻጽሮ «መድኃኒቱ ለውጥ አመጣ» ማለት አይቻልም።

ሕመሙ ራሱ መልሱን ሲለውጠው

ድብርት ያለበት ሰው የሠራውን ያሳንሳል። «ምንም አላደረግኩም፣ ምንም አልረባም» ይላል፤ ሲዘረዘር ግን ልጆቹን አብልቶ፣ ልብስ አጥቦ ይገኛል። ይህን እያሳዩት መዘርዘር ለሰውየውም ደግ ሥራ ነው። በማኒያ፣ ማለትም ከልክ ባለፈ የስሜትና የጉልበት መነሣሣት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ያጋንናል፤ ያጋነነ ሲመስለን ግን እውነትም ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ አድሮ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን ለማስደሰት ሲል «በየቀኑ እሮጣለሁ» የሚል አለ። «ባልንቀሳቀስ ይቆጡኛል» ብሎ የሚፈራም አለ። ከጥያቄው በፊት «ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለም፣ ውሎህን ለማወቅ ነው» ማለት ይህን ያቀልለዋል።

እናት፣ ወንድም ወይም ሚስት ብዙ ያውቃሉና ይጠየቁ። ነገር ግን ታካሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ እሱን ትቶ ቤተሰቡን መጠየቅ ክብር መንፈግ ነው። መጀመሪያ እሱ ይመልስ፤ ቤተሰቡ በእሱ ፈቃድ፣ ለብቻ ይጨምሩ፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ሁለቱም ይጻፉ። በዕድሜ የገፉ ሴትን «እማማ፣ ትናንት ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ ይንገሩኝ» ብሎ ማስጀመር ቅጹን ከማንበብ ይልቅ ያስኬዳል።

አንድ ነገር ግን ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። በአገራችን ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቤት ውስጥ ወይም ጸበል ቦታ በሰንሰለት ወይም በገመድ የሚታሠሩበት ጊዜ አለ። ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ጨንቆት፣ ሌላ እርዳታ አጥቶ ነው። ታስሮ የዋለን ሰው «15 ሰዓት ቁጭ ብሏል» ብሎ መመዝገብ በቁጥር ትክክል ነው፤ በትርጉም ግን ሐሰት ነው። ያልተንቀሳቀሰው ስለተከለከለ ነውና ይህ በግልጽ ይጻፍ፤ ቀጣዩ እርምጃም ሕክምናውን ማቅረብና ቤተሰቡን ማገዝ እንጂ የስፖርት ምክር አይደለም። ሆስፒታል ተኝቶ በር የሚዘጋበትን ታካሚም ስንለካ እንዲሁ ስንት ሰዓት ወደ ግቢ መውጣት እንደሚፈቀድለት መጠየቅ አለብን።

መሣሪያ ሲጨመር

አክሰለሮሜትር የሚባለው መሣሪያ የክብሪት ሣጥን ያህላል። የሰውነትን ንቅናቄ በሰከንድ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይመዘግባል። ለጥናት አብዛኛውን ጊዜ በቀበቶ ቀኝ ዳሌ ላይ ይታሰራል። ሴቶች ሰፊ ቀሚስ ከለበሱ መቀነቱ ላይ መያዝ ይቻላል። 7 ቀን ይደረጋል፤ በተለመደው ደንብ አንድ ቀን እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ሰዓት መደረግ፣ ሰውየውም እንዲቆጠር ቢያንስ 4 እንዲህ ያሉ ቀኖች ሊኖሩት ይገባል። ከመሰጠቱ በፊት ባትሪው ይሞላ፣ ሰዓቱ ይስተካከል፣ ቁጥሩ ከታካሚው ኮድ ጋር ይመዝገብ።

ዋናው ስሕተት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ለ60 ወይም ለ90 ደቂቃ ምንም ንቅናቄ ካላየ «መሣሪያው ወልቋል» ብሎ ያንን ጊዜ ይሰርዘዋል። ለጤነኛ ሰው ይህ ይሠራል። ክሎዛፒን ወይም ክሎርፕሮማዚን ወስዶ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይነቃነቅ የተጋደመ ሰው ግን መሣሪያውን አድርጎታል፤ ቆጠራው ያወጣዋል። በዚህ መንገድ እጅግ የማይንቀሳቀሱት ሰዎች ከመረጃው ይወጣሉ፣ የቀሩት አማካይ ያማረ ይመስላል። መፍትሔው መሣሪያው የተደረገበትን ቀንና ያወለቁበትን ሰዓት በአጭር ማስታወሻ መያዝ፣ የ90 ደቂቃውን ደንብ መምረጥ፣ የተሰረዘውን ጊዜ ከቃለ መጠይቁ ሁለተኛ ሣጥን ጋር ማመሳከር ነው።

የመድኃኒት ጠባይ መሣሪያውንም ያሳስተዋል። ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን የመሰሉት አካቲዚያ የሚባል እረፍት የሚነሣ ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ሰውየው ቆሞ መቆየት አቅቶት ክፍሉን ሲዞር ይውላል። እርምጃ ቆጣሪው ብዙ ሺህ ይላል፤ እኛም «ጎበዝ!» እንላለን። ሰውየው ግን እየተሠቃየ ነው፤ መድኃኒቱም መታየት አለበት። የእርምጃው ቁጥር ድንገት ከጨመረ «በፈቃድህ ነው የምትሄደው ወይስ ቁጭ ማለት አቅቶህ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። እነዚሁ መድኃኒቶች በሌላ በኩል ሰውነትን ግትር አድርገው እርምጃውን አጭርና ቀርፋፋ ያደርጉታል፤ ዳሌ ላይ ያለ እርምጃ ቆጣሪ እንዲህ ያለውን እግር መጎተት ሳይቆጥረው ያልፋል። የእጅ መንቀጥቀጥ ደግሞ በእጅ አንጓ ላይ ላለ ሰዓት እንቅስቃሴ ይመስለዋል።

የልብ ምትን አይቶ ጥንካሬውን የሚገምት የእጅ ሰዓትም እምነት የሚጣልበት አይደለም። ክሎዛፒን ተቀምጠውም ቢሆን ልብን ያስመታል፤ ለመንቀጥቀጥና ለአካቲዚያ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ዳገት ሲወጡ እንኳ ምቱን ይይዘዋል። እንዲህ ላለ ታካሚ ጥንካሬን በአነጋገሩ መለየት ይሻላል፤ እየሠራ ማውራት የሚችል፣ መዝፈን ግን የማይችል ከሆነ መካከለኛ ነው፤ ጥቂት ቃል ተናግሮ መተንፈስ ካስፈለገው ጠንካራ ነው። ዳሌ ላይ ያለው መሣሪያ ራሱ የተሸከሙትን ክብደት አያውቅም፤ ቆፍሮና ወቅጦ የዋለን ክንድም አያይም።

ስልክም እርምጃ ይቆጥራል፤ ኪስ ውስጥ ካለ ብቻ። ቻርጅ ላይ የዋለ ወይም ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ የሰውን ውሎ አይናገርም።

ክትትል አለብኝ የሚል ፍርሃት ላለበት ሰው መሣሪያ መስጠት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊቱ ከፍቶ ማሳየት፣ ድምፅም ምስልም የማይቀዳ፣ የት እንዳለ የማይናገር ዓይነት መሆኑን መንገር፣ እጁ ላይ እንዲይዘው መተው ነው። ቦታ የሚመዘግብ ከሆነ ይህ አይደበቅ። ካልፈለገ መጠይቁ ይበቃል። ራስን የመጉዳት ስጋት ባለበት የተኝቶ ሕክምና ክፍል የወገብ ቀበቶ አይሰጥም፤ ልብስ ላይ የሚሰካው ዓይነት ይመረጣል።

ቁጥሩን ማንበብ

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀድሞ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያልተከታተለ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ ያ ደንብ ተነሥቷል፣ አጫጭሩም ይቆጠራል። መጠይቆቹ ደቂቃውን ሜት በሚባል የጥንካሬ መለኪያ ያባዛሉ፦ አንድ ሜት ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ በአይፓክ እግር ጉዞ 3.3፣ መካከለኛ 4፣ ጠንካራ 8 ነው። 30 ደቂቃ ለ5 ቀን የሄደ ሰው 30 × 5 × 3.3 = 495 ሜት-ደቂቃ በሳምንት ያገኛል። በጂፓክ 600 ሲሞላ መመሪያው ተሟላ ይባላል፤ እዚያ ግን ጉዞ በ4 ስለሚባዛ የአንዱን ቅጽ ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። ለአንድ ታካሚ ሜት ከማስላት ደቂቃውን እንዳለ መያዝ ይጠቅማል፤ ለእሱም ሲነገረው ይገባዋል።

ቀደም ብለን ያየነው ሰው በሳምንት 120 ደቂቃ በእግር ሄዷል፤ ከ150 ያንሳል። ውኃው ከተጨመረ ግን ሞልቷል። የእሱ ችግር 11 ሰዓቱ አልጋና ወደ 10 ሰዓት የተጠጋው ቁጭ ማለት ነው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበትም የማታው መድኃኒት መጠንና የሚወስድበት ሰዓት ነው፤ ይህንንም ከሐኪሙ ጋር እንጂ በራስ አይነኩትም።

ሁለተኛው ልኬት ሲመጣ በዚያው ቅጽ፣ ቢቻል በዚያው ጠያቂ፣ በተመሳሳይ ወቅት ይሁን። በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ ለሚወስድ ሰው ከመርፌው በኋላ ስንተኛ ቀን እንደሆነ መጻፍ አይዘንጋ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም ከኋለኞቹ ሊለይ ይችላል። ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ «አልጋ 11 ሰዓት፤ ቁጭ 9 ሰዓት ከ43፤ እግር 17 ደቂቃ፤ ስፖርት 0፤ ሌላ ሥራ 3 ሰዓት። የጥር መጀመሪያ፣ ከበዓሉ በፊት፤ ከመርፌ 4ኛ ቀን፤ መልሱን የሰጠው ራሱ»።